የሐዘን ቤት መብራት ያጠፋው ቆጣሪ

ከሁሉ በፊት በደሉ ይጻፍልኝ። የጎረቤቴ የሼህ ሰይድ ለቅሶ በተቀመጠ በሁለተኛው ቀን፣ ገና ከመግሪብ ሶላት መልስ፣ ያስተማሯቸው ደረሶች ድንኳኑ ውስጥ ቁርአን እየቀሩላቸው ሳለ መብራቱ ድርግም አለ። መብራት መጥፋቱ ለእኛ ብርቅ አይደለም፤ መካነ ሰላም ላይ ሳይጠፋ የሚውልበት ቀን ነው ብርቁ። ያን ዕለት ግን የከተማው መብራት አልጠፋም። የጠፋው የእኔ ብቻ ነው። ድንኳኑን ያበራሁትም እኔ ነበርኩ፤ ሽቦው የተሳበው ከእኔ ቆጣሪ ነው።

በማግስቱ የመብራት ቢሮ ሰው መጣ። አጥሩን የተሻገረውን ሽቦ በስልኩ ፎቶ አነሳና «ይሄ የኃይል ስርቆት ነው» አለ። ለቀስተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ የሟች ሚስት ዘይነባ ተከናንባ በተቀመጠችበት።

«ማነው ሌባ?» አልኩት።

«እማማ፣ እኔ አይደለሁም ያልኩት። ሲስተሙ ነው።»

«ሲስተሙ እናት አለው?»

«የለውም።»

«አንተ ግን አለህ። ስለዚህ አንተን ነው የምጠይቅህ።»

ቆጣሪዬን ነካ ነካ አድርጎ «የተዘጋው ከደሴ ነው፤ እዚህ ሆኖ የሚከፍተው የለም» ብሎኝ ሄደ።

አገራችንን ለማያውቅ ሰው ልማዱን ልንገር። በእኛ ሰፈር ሐዘን የገባበት ቤት ሦስት ቀን እሳት አይነድበትም። እንጀራውም ወጡም ከጎረቤት ይመጣል። እስላም ሞተ ክርስቲያን ሞተ ለውጥ የለውም፤ ሥጋው ይለያይ እንደሆነ እንጂ ሽሮው አንድ ነው። ኤሌክትሪክ ከገባልን ወዲህ ደግሞ አምፖሉንም እንደ እሳት ቆጠርነው። ሐዘንተኛ የራሱን መብራት አያበራም፤ ጎረቤት ሽቦ ይስብለታል። የእኔ ባል ያረፈ ጊዜ ድንኳኔ የበራው ከሼህ ሰይድ ቤት ነበር። ይህን ያዘዘን ሹም የለም፤ የሚከለክለን ሹም ይመጣል ብሎ ያሰበም አልነበረም።

ድሮ ቆጣሪ አንባቢው በየወሩ በእግሩ ይመጣል። አጥር የተሻገረ ሽቦ ሲያይ «ማን ሞተባችሁ?» ይላል፤ ከነቦርሳው ድንኳን ገብቶ ይቀመጣል፤ ቁጥሩን በኋላ ያነባል። ሐቅ ከሆነ እሱም እንከን ነበረው፤ ክፉ ውሻ ያለበት ቤት ሲደርስ በር ላይ ቆሞ በግምት ይጽፋል። አዲሱ ቆጣሪ፣ ስማርት የሚሉት፣ ውሻ አይፈራም፤ ጉቦም አይበላም። ይህን አልነፍገውም። እንደ ስልክ ሲም ካርድ አለው፤ ቤቴ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ከደሴ ጋር ይነጋገራል። ስንት እንደበላን ይናገራል። ለምን እንደበላን ግን አይናገርም።

ይሁንና ደሴ የሄድኩት ለራሴ ጨለማ ብዬ አይደለም። ኩራዝ አላጣም። ከዚያ ወዲያ በታችኛው ሰፈር አንዲት አራስ ሞተች፤ ለቅሶው ላይ ማንም ሽቦ አልሳበም። ሁሉም ቀና ብሎ የራሱን ቆጣሪ ያይና ሽቦውን መልሶ ይጠቀልላል። የሟቿ እናት በስልክ መብራት ተከብባ ስታለቅስ አየሁ፤ አንዱ ስልክ ባትሪ ሲጨርስ ሌላው ይተካል። ያን ጊዜ ወሰንኩ። «ደሴ ወርጄ አንድ ነገር እጠይቃለሁ» አልኩ። «ጎረቤት ለሐዘን ቤት መብራት ማብራት ይችላል ወይስ አይችልም? አዎ ወይም አይ ይበሉኝ።»

ዘይነባ ዒዳ ላይ ናት፤ ባል የሞተባት ሴት ከቤት አትወጣምና አብራኝ ልትመጣ አልቻለችም። «በኛ የተነሳ ስምሽ ጠፋ፣ አፉ በይኝ» እያለች አነባበሮ ጋግራ ቋጠረችልኝ፤ ደሴ ላለው ወንድሟ ለእንድሪስም ደወለች። «እህቴ ናት የምትመጣው፣ እንደኔ ተቀበላት» ስትለው ከአጥሩ ማዶ ሰማሁ።

ሰኞ

አውቶቡሱ ገና ሳይነጋ ጭኖ ጎህ ሲቀድ ወጣ። አጠገቤ የተቀመጡት ከከላላ ገጠር የመጡ ሽማግሌ ናቸው፤ በበቅሎ ወጥተው ነው መኪና የያዙት፤ ዓይናቸውን ሊታከሙ ነው የሚሄዱት። ጉዳዬን ስነግራቸው ሳቁብኝ።

«እኛ ቀዬ መብራት የለም» አሉ። «ስለዚህ ሌባም የለም።»

«ጨለማ ሌባ ይወዳል አይሉም እንዴ አያ?»

«እሱ የበግ ሌባ ነው። የመብራት ሌባ ለመሆን መጀመሪያ መብራት ያስፈልጋል። እናንተ ታድላችኋል!»

ሳቅኩ፤ ግን በመስኮት የማየው አሳቀቀኝ። ምሰሶው ከመንገዱ ጎን ለጎን እስከ ደሴ ይሄዳል፤ ሽቦው በስንት ጎጆ አናት ላይ ያልፋል፤ ጎጆዎቹ ግን ጨለማ ናቸው። ለእነዚህ ያልደረሰ መብራት እኔን ለመቆጣጠር ሲሆን ግን ከግድግዳዬ ደረሰ። ቅደም ተከተሉን ማን እንዳወጣው ማወቅ እፈልጋለሁ።

አቀስታ ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን ጎማ ፈነዳ። ረዳቱ ተጠባባቂውን ጎማ አወረደ፤ እሱም ተንፍሷል። ሾፌሩ ረዳቱን ሰደበ፤ ረዳቱ ትናንት የነፋውን ሰውዬ ሰደበ፤ እኛ ደግሞ ሁለቱንም። በኋላ ያለፈ አይሱዙ ጎማውን ጭኖ ሄደ፤ እኛ ብርድ ላይ ተቀመጥን። የዚያን አገር፣ የለጋምቦን ብርድ ያላየ ሰው ብርድ አየሁ አይበል። እኛ ጋ በዚህ ሰዓት ሰው ጥላ ይፈልጋል፤ እዚያ ፀሐይዋ ራሷ ብርድ የያዛት ትመስላለች። አነባበሮዬን ከከላላው ሽማግሌ ጋር ተካፈልን፤ እሳቸውም በሶ አወጡ። ሲመሽ አቀስታ ገባን፤ ሾፌሩ «ነገ ጠዋት» ብሎ ጠፋ።

አልጋ ሁሉ ተይዟል። መንገድ ዳር ሻይ ቤት ያላት ራቢያ የምትባል ልጅ ደጇ ላይ ቆሜ አይታ «እናቴ፣ ይግቡ፤ ብርዱ ለእርስዎ አይሆንም» አለችኝ። ማን እንደሆንኩ አልጠየቀችም። ገብስ ገንፎ ሠርታ መሐሉን በቅቤና በበርበሬ ሞልታ አቀረበችልኝ። እኛ ገንፎን ለአራስ ነው የምናውቀው፤ እነሱ ጋ ብርድ ያገኘው ሁሉ አራስ ነው። እግሬን በሙቅ ውሃ አጠበች። ስትስመኝ እንባ ቀረበኝ፤ ከማታውቀኝ ሰው ያገኘሁትን ደግነት ከቆጣሪ ቢሮ ባገኝ ኖሮ መንገድ አልወጣም ነበር።

ስለ ጉዳዬ ስነግራት እሳቱን እየቆሰቆሰች ሰማችኝ።

«እሱን ቆጣሪ አውቀዋለሁ» አለች። «ዐረብ ሀገር ሰው ቤት ስሠራ ማዳሜ በስልኳ ነበር የምታየው።»

«ምኑን?»

«እኔን።»

አልገባኝም። ከዚያ አብራራችልኝ። ቀን የእነሱን ልብስ ስታጥብና ስትተኩስ ትውላለች፤ የራሷን ማታ ሰው ከተኛ በኋላ ታጥባለች። አንድ ጠዋት ማዳሟ ስልኳን እያሳየች «ሁሉም ሲተኛ በቤቴ ማን ነው ማሽን ያስነሳው?» አለቻት። ማዳሟ ዓይኗን ሳትገልጥ የቤቱ ቆጣሪ ነግሯታል። ከዚያ ወዲያ ራቢያ ልብሷን በእጇ፣ በቀዝቃዛ ውሃ፣ በጨለማ ታጥብ ነበር።

«የሠራሁትን ሁሉ ያይ ነበር» አለች። «ለአራት ሰው ቀን ሙሉ መተኮሴንም አይቷል። ለእሱ ግን ማዳሜ አላመሰገነችኝም።»

እኔ የመካነ ሰላም ነገር ብቻ መስሎኝ ነበር። ለካ ዓይኑ ዓለምን ዞሮ ነው እኛ ቤት የደረሰው። ጠዋት ስወጣ ለመኝታው ልከፍላት ብል ተቆጣች። «ለእንግዳ አልጋ የምሸጥ ብሆን ዐረብ ሀገር እቀር ነበር» ብላ ቆሎ በመሐረቤ ቋጠረችልኝ።

ማክሰኞ

ጉጉፍቱ ዳገት ላይ ጉሙ ከመውረዱ የተነሳ ሾፌሩ ጥሩምባ እየነፋ ሄደ። የከላላው ሽማግሌ «እኔ ድሮም አላይም፤ ዛሬ እኩል ሆንን» ብለው አውቶቡሱን አሳቁት። ከረፋዱ በኋላ ደሴ ገባን። እሳቸው ወደ ሆስፒታል፣ እኔ ወደ ሸዋ በር።

የዘይነባ ወንድም እንድሪስ እዚያ የኤሌክትሪክ ዕቃ ይሸጣል። አምፖል፣ ሽቦ፣ ማብሪያ ማጥፊያ ከወለል እስከ ጣሪያ ደርድሯል። መካነ ሰላም ላይ አንድ አምፖል ለመግዛት «አለ? የለም?» እያልን ሦስት ሱቅ እንዞራለን፤ እዚህ ብርሃኑ ዓይን ይወጋል። ሻይ እንኳ ሳልጠጣ ቢሮው ውሰደኝ አልኩት።

ቢሮው ሞልቷል። ሰው ሁሉ ወረቀት ይዟል፤ ሁሉም የየራሱን ቆጣሪ ያማል። መስኮቱ ጋ ስደርስ ልጅቱ ቀና ሳትል «ሲስተም የለም፤ ነገ ይመለሱ» አለችኝ።

«የእኔን ለመዝጋት ሲሆን ሲስተሙ ነበር» አልኳት።

«ኔትወርክ ነው እማማ።»

«ኔትወርኩ ለመዝጋት ይሠራል፤ ለመክፈት ግን ያመዋል ማለት ነው?»

ከኋላዬ ያሉት ሳቁ። አንዱ «እማማ፣ እኛንም ይወክሉን!» ብሎ ጮኸ። ልጅቱ ግን ደግ ናት መሰለኝ፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ነገ በማለዳ ይምጡ፣ ሥራ አስኪያጁ ይኖራሉ» አለችኝ።

እንድሪስ ቤት ስንደርስ ሚስቱ ሐዋ ዶሮ ወጥ ሠርታ ጠበቀችን። ለእኔ ለክርስቲያኗ ብላ የጎረቤት ክርስቲያን ጠርታ አሳርዳልኝ ኖሯል። እኔ ዶሮዬን፣ እነሱ ሽሮአቸውን በአንድ ገበታ በላን። «ብቻዬን ዶሮ በልቼ አላውቅም» ስል ሐዋ «ዛሬ ይልመዱ እትዬ፤ አንገቱን ደግሞ አይተዉት» አለች። አገር ቤት ያለውን ሁሉ እዚህ ከተማ መሐል አገኘሁት። ይህን የሚያውቅ ሕዝብ አምፖል ስለተዋሰ ሌባ ይባላል?

እራት ስንበላ እንድሪስን ነገሩን ከሥሩ ንገረኝ አልኩት። ነጋዴ ነውና ያውቃል።

«እትዬ፣ ያ ድሮ ሰሃኑ የሚሽከረከረው ቆጣሪ አሁን የሚሠራው ፋብሪካ እየጠፋ ነው» አለኝ። «ቢፈልጉትም አያገኙትም። ቻይናው፣ ሕንዱ፣ ፈረንጁ፣ ሁሉም የሚሸጠው ይሄንኑ ስማርቱን ነው። ከአንዱ ከገዙ ሶፍትዌሩም የሱ ነው፤ ሲበላሽም እሱን መጥራት ነው። ዓለም በሙሉ ወደዚያ እየሄደ ነው።»

«ዓለም በሙሉ ሲሄድ ለቅሶ የሚደርሰው ማን ነው?»

ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን አቆመ። «ምክንያት አላቸውኮ» አለ። «በየአገሩ መብራት ይሰረቃል፤ ስለዚህ ማሽኑን ተጠራጣሪ አድርገው ነው የሠሩት። ጸጥ ብሎ የኖረ ቤት ድንገት ሁለትና ሦስት ቀን ብዙ ከበላ ‹እዚህ ቤት የተደበቀ ነገር አለ› ይላል። ፋብሪካው ያለበት አገር ሰው የለቅሶ ድንኳን መች ያውቃል?»

«ድንገት ብዙ መብራት፣ ብዙ ሰው፣ ሦስት ቀን» አልኩ። «እነሱ ጋ ይሄ ሌብነት ነው። እኛ ጋ ሞት ነው። ሲገዙት የጠየቀ አልነበረም?»

«ማን ይጠይቅ እትዬ?»

«የሚገዛው!»

እንድሪስና ሐዋ አልጋቸውን ለቀውልኝ እነሱ ሳሎን ተኙ። እምቢ ብል ሐዋ «አብሽሩ እትዬ፣ ነገ የሚከራከሩበት ጉልበት ያስፈልግዎታል» አለችኝ።

ረቡዕ

ጦሳ ተራራ ደመና ተከናንቦ፣ ካፊያ እየጣለ ቢሮው ደጅ ቆምኩ። የትናንቷ ልጅ አየችኝና ከሰልፍ አውጥታ ወደ ውስጥ አስገባችኝ። ሥራ አስኪያጁ መልከ መልካም፣ ጨዋ ሰው ነው። ከወንበሩ ተነሥቶ ነው የተቀበለኝ፤ ይህንንም እመሰክርለታለሁ። ኮምፒዩተሩን ከፈተና ስሜን አገኘው።

«ወይዘሮ የሺ፣ ከቆጣሪዎ ለሦስተኛ ወገን ኃይል አስተላልፈዋል።»

«ሦስተኛ ወገን ማነው?»

«ከእርስዎና ከእኛ ውጪ ያለ ሰው።»

«ሼህ ሰይድን ነው የሚሉት? ልጆቼን ፊደል ያስቆጠሩልኝ፣ ባሌን ተሸክመው ያስቀበሩልኝ እሳቸው ናቸው። ለእኔ ሦስተኛ ወገን እርስዎ ነዎት ልጄ፤ ዛሬ ገና ነው የማይዎት።»

ልጅቱ በእጇ አፏን ከደነች። ሰውዬው አልተቆጣም። «እማማ፣ ሽቦ በሜዳ ላይ መዘርጋት አደጋ አለው፤ ዝናብ ቢነካው ሰው ይገድላል» አለ።

እዚህ ላይ እውነቱን ነው። «እሺ» አልኩት፤ «አደጋ ነው ብላችሁ ብትመጡ እሰማለሁ፤ ደህናውን ሽቦ አሳዩን ብዬ እጠይቃለሁ። እናንተ ግን ስርቆት ነው ብላችሁ መጣችሁ። የበላሁትን ሁሉ ቆጣሪው ቆጥሮታል፣ እኔም ከፍያለሁ። ከፍሎ የሚሰርቅ ሌባ አይተው ያውቃሉ?»

ወደ ኮምፒዩተሩ ተመለሰ። ወረደ፣ ወጣ፣ ፈለገ። ወደ እሱ ዞሮ የነበረውን ስክሪን ለእኔ አዞረልኝ። መብራት የሚዘጋበት ምክንያት በተራ ተጽፏል፦ ስርቆት፣ ብልሽት፣ ያልተከፈለ፣ ባዶ ቤት። «ከእነዚህ አንዱን ካልመረጥን ማሽኑ አይቀበልም» አለኝ። «ለቅሶ የሚል የለውም።»

«የሠሩት ሰዎች አይሞቱም?»

«ከውጭ እንዲሁ ነው የመጣው እማማ።»

ስርቆት የሚለውን አውጥቶ ብልሽት አደረገው። እኔ የተበላሸው ምኑ እንደሆነ ልጠይቅ ነበር፤ ልጅቱ በዓይኗ ለመነችኝ፤ ተውኩት። ከዚያ በአንድ ጣቱ አንዲት ነገር ተጫነ። ለዘይነባ ደወልኩ።

«ከአጥሩ ቀና ብለሽ በረንዳዬን እዪልኝ።»

ወደ አጥሩ ስትሄድ እርምጃዋ በስልኩ ተሰማኝ። «በራ! እህቴ በራ! አልሐምዱሊላህ!»

የአንድ ጣት ሥራ ነበር። ለዚህች ለአንድ ጣት ነው እኔ ጎማ ሲፈነዳ ብርድ ላይ የተቀመጥኩት፣ ሰው ከአልጋው የተነሣልኝ። ንዴቴ እንደገና አገረሸ፤ ሰውዬውም አየው መሰለኝ «ጨረስን እማማ፣ ደስ ይበልዎ» አለ።

«አልጨረስንም» አልኩ። «የመጣሁበትን ገና አልጠየቅኩም።» አስረድቼ ነገርኩት፦ ስለ ታችኛው ሰፈር አራስ፣ ስለ እናቷ፣ በየተራ ስለሚሞቱት ስልኮች። «ሰፈሩ ሁሉ እኔን ነው የሚጠብቀው። ከእንግዲህ ሰው ሲሞት ጎረቤት መብራት ይስጥ ወይስ አይስጥ? ስመለስ ምን ልበላቸው?»

አሰበ። ስልክ ደወለ። ወጥቶ ሌላ ክፍል ገባ፤ በግድግዳው በኩል የሁለት ሰው ድምፅ ሰማሁ። ልጅቱ ሻይ አመጣችልኝና «እኔም የወረኢሉ ልጅ ነኝ፤ እኛም ጋ እንደዚሁ ነው» አለችኝ በሹክሹክታ። በመጨረሻ ሰውዬው ፊቱ በርቶ ተመለሰ። የሠራልኝ ነገር እንዳለ ያስታውቅበታል፤ ተንኮልም አልነበረበትም፤ ይህንንም እመሰክራለሁ።

«እማማ፣ ተፈቅዶልዎታል!» አለኝ። «ለሰፈሩ ሁሉ ይንገሩ። ለጊዜያዊ መስመር ደንብ አለን፤ ለቅሶም በዚያ ይስተናገዳል። የሚጠበቅባችሁ ለቅሶው ከመድረሱ አምስት የሥራ ቀን ቀደም ብላችሁ፣ የሟቹን ስም ጠቅሳችሁ፣ ማመልከቻ ማስገባት ብቻ ነው።»